ኮምፕሬሽን ጌጅ ዳኛ አይደለም

እዚህ ነታንያ፣ ራማት የዲዲም ሰፈር ያለ ጀማሪ መካኒክ «ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ካሳየ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን መለካት ለምን አስፈለገ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጌጁ ቴስታታ ሳይወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ቁጥር ይሰጣል። ግን የሚለካው የታመቀውን አየር እንጂ ብረቱን አይደለም፤ አየሩ ደግሞ በየቦታው ይለያያል። ነታንያ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። ነታንያ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ 9 ገደማ ያሳያል። የፋብሪካውን መጽሐፍ አምኖ አዲስ አበባ ላይ ደህናውን ሞተር የሚፈታ አለ፤ የአዲስ አበባን ቁጥር ለምዶ የመጣ ደግሞ እዚህ ያለቀውን «ደህና ነው» ሊል ይችላል። «ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ካወዳደርን ከፍታው ምን አገባው?» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም እኩል ካለቁ ማወዳደሩ ምንም አይነግርም፤ የፒስተኑ አናት ላይ የተጋገረ ካርቦንም ንባቡን ከፍ ያደርጋል። ጌጁ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያጠራጥር ይጠቁም፣ ከዚያ አይለፍ።

እኔ የማምነው የፒስተን ፋሻን ነው። ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አያልቅም። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ለቅጽበት ይቆማል፣ ዘይቱ እዚያ ይሳሳል፣ የቃጠሎው ግፊትም ፋሻውን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ የሚጫነው እዚያው ነው። ፋሻ የማይደርስበት ታችኛው ክፍል ግን የፋብሪካውን ስፋት እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ አዲስ ፋሻ በፒስተን አናት እየገፉ፣ ሳይጋደል፣ መጀመሪያ ታች ቀጥሎም ከላይ ፋሻው የሚመላለስበት ጫፍ ላይ አስቀምጦ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ማንበብ ነው። ታች 0.30፣ ላይ 0.60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 0.30 ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል ግድግዳው ከላይ በዲያሜትር 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የትም አገር ያው ነው። ቦር ጌጅ ያላቸው ሰዎች «ፋሻ ሞላላነትን አይናገርም» ሲሉ ግን ልክ ናቸው፤ ፋሻ የሚነግረው ዙሪያውን ብቻ ስለሆነ ሞላላነቱ በሁለት አቅጣጫ መለካት አለበት።

በዓይን መፍረድ ከሁሉም የባሰ ነው። ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ የተሻገሩ ጭረቶች ማውጣት ሲሊንደሩን አዲስ ያስመስለዋል እንጂ የሰፋውን አይመልስም። ፒስተንም እንዲሁ ያታልላል። ገና ሲሠራ ክብ ስላልሆነ፣ በስፒኖቱ አቅጣጫ የለካው ሰው ጤነኛውን ይጥላል፤ የሚለካው ከስፒኖቱ ተሻግሮ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ከፍታ ላይ ነው። ቀሚሱ ደህና ሆኖ የላይኛው ፋሻ ጎድጓዳ ከሰፋ ፒስተኑ አልቋል፤ ጎድጓዳው ከካርቦን ጸድቶ በአዲስ ፋሻና በፊለር ጌጅ ይፈተሽ። ግድግዳው ከፋብሪካው ወሰን ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሪቦር ይደረግ፣ ለሞተሩ የሚገኘው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተንም ይገጠም። ግድግዳውም ፒስተኑም ወሰናቸውን ካላለፉ አዲስ ፋሻ ይበቃል።