የዳር ሰዎች

ለመታወቂያም ሆነ ለሥራ ማመልከቻ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» ስንባል ቅር ብሎን አያውቅም። ጉርድ መሆኑ ከነስሙ ተነግሮናላ! አውቀን፣ ተስማምተን፣ ከፍለን እንቆረጣለን። የእኔ ጠብ ሳይነገረን ከምንጎረድበት ፎቶ ጋር ነው።

እስቲ በጥር ወር፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በሚደራረብበት ሰሞን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደ አንዱ ፎቶ ቤት ጎራ በሉ። ሰርገኛው ፍላሹንና ስልኩን ይዞ ይመጣል።

«ስንት ፍሬ?»

«መቶ።»

«በስንት በስንት ይሁን?»

«በተለመደው።»

አለቀ። ይህች «በተለመደው» የምትባል ቃል ስንቱን ዘመድ ከአልበም እንዳስወጣች ልብ ያለው የለም።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የድሮው ፊልም አንዱ ፍሬ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነበር። የተለመደው ወረቀት ደግሞ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም ሁለት ለሦስት ናቸው፤ ስለዚህ ፊልሙ ላይ የገባ ሰው ከሞላ ጎደል ወረቀቱም ላይ ቦታ ነበረው። ዛሬ አብዛኛው የእጅ ስልክ የሚያነሳው ሦስት ለአራት ነው። አግድም ለተነሳው ፎቶ 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ስትሰጡት 11.25 ቁመት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ያለው ግን 10 ብቻ ነው። ትርፉ ከላይ ከራስ፣ ከታች ከእግር ይቆረጣል። «ስክሪኑን ይሙላ» ተብሎ 16 ለ9 የተነሳው ደግሞ የባሰ ነው፤ ከግራም ከቀኝም 1.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይታጨድበታል።

ባለሙያው በትልቁ ካሜራ ያነሳውስ? እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ለሦስት ስለሆነ 10 በ15 ላይ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ ደስ ይለውና «ይቺንማ አሳድጉልኝ፣ ግድግዳ ላይ ትሰቀል» ብሎ 30 በ40 ያዛል። ለዚያ ቁመት 45 ወርድ ያስፈልግ ነበር፤ 5 ሳንቲ ሜትር ሜዳ ላይ ይቀራል። ፎቶው አደገ፣ ዘመዱ ቀነሰ።

የቀነሰው ማን ነው? በእኛ የሰርግ ፎቶ ላይ ማን የት እንደሚቆም የታወቀ ነው። መሃል ሙሽሮቹ፣ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፣ ወላጆቹ፣ ከአዲስ አበባ መኪናውን ይዞ የመጣው አጎት። ዳር ላይስ? ከጮቄ ግርጌ እኩሉን በእግር፣ እኩሉን በአይሱዙ የመጡት አክስት። እንጀራ ስትጋግር አድራ እጇን እየጠረገች የደረሰችው ልጅ። «ኑ እንጂ እትየ፣ ግቡ!» ሲባሉ «ኧረ እኔ ይቅርብኝ» እያሉ በስንት ልመና ጥግ ይዘው የቆሙት ጎረቤት።

ማሽኑ ሰው አይለይም፤ መሃሉን ይዞ ዳር ዳሩን ያጭዳል። ክፋት የለበትም። የሚቆረጠውን አስቀድመን ዳር ያቆምነው እኛ ነን፤ እሱ የጀመርነውን ጨረሰልን እንጂ።

ጥግ መቆም ሁልጊዜ መጥፋት አልነበረም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር፣ አነስ ብሎ ተደፍቶ ይሣል ነበር፤ ስሙም ይጻፍለታል። ጥጉ የትሕትና ቦታ ነው። ሰዓሊው ግን ያን ጥግ ለመቀስ አልተወውም።

«አንድ ሳንቲ ሜትር ምን ያጨቃጭቃል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ለቅሶ ቤት ይገኛል። እኒያ አክስት ያረፉ ቀን ፎቶ ይፈለጋል። በራሳቸው ስም ተነስተው አያውቁም፤ የተነሱት በሰው ሰርግ ላይ ነው። ስልኩ ከተሰበረ ወይም ከጠፋ ቆይቷል። አልበሙ ሲገለጥ የሚገኘው ግማሽ ትከሻና የነጠላ ጫፍ ነው። ታዲያ የቱ ተጎልቶ ይለቀስ?

ፎቶ ቤቶችን ብቻ መውቀስም አይገባም። ሥዕሉን ሙሉውን አውጥተው ዳሩ ላይ ነጭ ሲተርፍ «ወረቀቴን አባከናችሁብኝ!» ብሎ የሚጮኸው ደንበኛው ነው። ነጭ ጠርዝ ከሚቀርብን አክስታችን ቢቀሩ እንመርጣለን ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ነጩን ላለማየት ፎቶውን ያስለጥጠዋል፤ ያኔ ማንም አይቀርም፣ ግን ሁሉም በአንድ ሌሊት ይወፍራል።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም ለማለት ይቻላል። «ሙሉው ይውጣ፣ ነጭ ቢተርፍ ግድ የለም» ማለት በቂ ነው። በስልክ የተነሳው 15 በ20 ቢታዘዝ፣ ለግድግዳም 30 በ40 ቢሆን፣ ሁለቱም ሦስት ለአራት ስለሆኑ ማንም አይነካም። አንሺውም አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ዳርና ዳሩ ላይ ባዶ ቦታ ቢተው፣ መቀሱ የሚያገኘው ግድግዳና ሣር ብቻ ይሆናል።

አባቶች «ዳሩ ሲፈታ መሃሉ ዳር ይሆናል» ያሉት ስለ አገር ነበር። ለአልበምም ይሠራል። አክስት ከወጡ በኋላ ዳር ላይ የቆመው ሚዜው ነው፤ ቀጣዩ ወረቀት ደግሞ በስንት በስንት እንደሚመጣ ማን ያውቃል?