ሦስት ወንድማማቾች፣ አንድ ጠርሙስ ደም

በእኛ ሰፈር ነገር ሲንዛዛና እንባ ሲበዛበት «የህንድ ፊልም አደረግኸው!» ይባላል። ፌዙ ሐሰት የለበትም። ይሁንና ልጆች ሳለን ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ወርደን፣ በአንድ ጠባብ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ያየነውን «አማር አክባር አንቶኒ» በቅርቡ ብደግመው፣ ከሳቁና ከእንባው ሥር አንድ ብርቱ ጥያቄ አገኘሁ። እምነታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ አገር ወንድማማች የሚሆኑት በምን ምክንያት ነው?

ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1977 ያዘጋጀው ማንሞሃን ዴሳይ ነው። ሦስት ሕፃናት ወንድማማቾች በህንድ የነፃነት በዓል ዕለት፣ በጋንዲ ሐውልት ሥር ከወላጆቻቸው ይለያያሉ። አንዱን ሂንዱ ፖሊስ፣ ሁለተኛውን ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ ሦስተኛውን የካቶሊክ ቄስ ያሳድጓቸዋል። ከዓመታት በኋላ ሦስቱም ሳይተዋወቁ፣ መኪና ለገጫት አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ደም ይለግሳሉ። ሴትዮዋ እናታቸው ናት፤ ስሟም ባራቲ፣ «ህንዳዊት» እንደ ማለት ነው። ከሦስት ክንድ የተቀዳው ደም በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅሎ ወደ እሷ ሲፈስ ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ዛሬ ግን እጄ ከበደኝ። አክባርና አንቶኒ በትውልዳቸው የሂንዱ ልጆች ናቸው፤ ሙስሊምና ክርስቲያን የሆኑት ጠፍተው ነው። ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ ፊልሙ ሌላውን ሃይማኖት የሚያቅፈው ሥሩ ሲፈተሽ የቤት ልጅ ሆኖ ስለተገኘ ነው። እንግዲያስ ከባራቲ ያልተወለደው ምን ይሁን? እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ከህንድ ሕዝብ 79.8 በመቶው ሂንዱ፣ 14.2 በመቶው ሙስሊም፣ 2.3 በመቶው ክርስቲያን ነበር። ትንሽ የሚመስለው የመጨረሻው ቁጥር እንኳ ከ27 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። እምነታቸውን ከሐዋርያው ቶማስ የሚቆጥሩት የኬረላ ኦርቶዶክሶች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። መሪያቸው እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተዋል፤ ከኬረላ የመጡ መምህራንም ታላላቆቻችንን አስተምረዋል። እነዚህ ሰዎች ጠፍተው የተገኙ ልጆች አይደሉም። የራሳቸው የቆየ ቤት አላቸው።

እኛን ያሳደገን ሰፈር ሌላ ነገር ነበር ያስተማረን። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ የደም ዝምድና የለንም። እናቶቻችን ግን ካዛንቺስ በአንድ ዕድር ነበሩ። ድግስ ሲኖር ለሙስሊሙ ለብቻው ይታረዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ልዩነቱን የሚደብቅ የለም፤ እንዲያውም ድስቱ የሚለየው አብሮ ለመቀመጥ ሲባል ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤት ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ያንን ድንኳን ያቆመው ደም ቢሆን ኖሮ መበተናችን ባላሳሰበኝ፤ ደም የትም አይሄድምና። ያቆመው ግን ጉርብትና ነበር።

ሆኖም ፊልሙን እንዲሁ ልጥለው አልችልም። አክባር በሺርዲው ሳይ ባባ መቅደስ ውስጥ የሚዘምርበት ትዕይንት አለ። ሳይ ባባ እ.ኤ.አ. በ1918 እስኪያርፍ ድረስ በመስጊድ የኖረ፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም የሚያከብረው ሰው ነው። ሙስሊሙ ይዘምራል፣ የሴትዮዋ ዓይን ይበራል፤ እናትና ልጅ መሆናቸውን ግን ሁለቱም ገና አላወቁም። ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዞ የሚሄደውን ሙስሊም አስታወሰኝ። እዚያ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ዴሳይ ከደሙ ጠርሙስ ይልቅ ይህን ትዕይንት አምኖበት ቢሆን ኖሮ፣ ፊልሙ ከጭብጨባ ያለፈ ነገር ይተውልን ነበር።

ጓደኛዬ አሁን የሚኖረው ከከተማው ዳር ነው። በአዲሱ ሰፈር ዕድር ሲቋቋም፣ ሁለተኛውን ድስት እንግዛ የሚል ሰው ይነሣ ይሆን?