«ያልታወቀ አርቲስት»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል የአገራችን ሰው። ሥጋ ቢፈርስ፣ ቤት ቢወድቅ ስም ይቀራል ማለቱ ነው። በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ሙዚቃ ግን ይህን አባባል እየሻረው መጥቷል። ዘፈን የሚያጫውተው ስልክ የዘፋኙን ስም ሲያጣ «ያልታወቀ አርቲስት» ብሎ ይጽፋል። ዘፈኑን አገር ያውቀዋል፤ ሠርግ ይሞቅበታል፤ ታክሲ ይጓዝበታል። ባለቤቱ ግን አይታወቅም። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሆነ? ጥፋቱስ የመሣሪያው ነው ወይስ የኛ የተጠቃሚዎቹ?

ነገሩን ለማየት በለቡ በኩል ወደ ፉሪ ብቅ ማለት ይበቃል። ፉሪ ትናንት የሰበታ ዳርቻ ነበር፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የጂቡቲው ባቡር ጣቢያ «ፉሪ ለቡ» እየተባለ ስለሚጠራ ስሙ ከድሮው ይልቅ ይሰማል። የቤት ኪራይ ከመሐል ከተማ ገፍቶ ያወጣው ሠራተኛና የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለው ሰፈር የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አይታጣም። ሱቁ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ጥግ ላይ ባለች ኮምፒዩተር ደግሞ ዘፈን፣ መዝሙርና ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ይጭናል። ኢንተርኔት በየኪሱ ከገባ በኋላም ይህ ሥራ አልጠፋም፤ ፓኬጅ ገንዘብ ነው፣ ኔትወርክም ይጠፋል፤ የተጫነ ዘፈን ግን አይቆራረጥም።

ይህን የጭነት ሥራ መናቅ አይገባም። የጥላሁን ገሠሠና የዓሊ ቢራ ዘፈን ያለ አንዳች ክርክር በአንድ ፎልደር ውስጥ የሚያድሩት በዚህ ሱቅ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የታክሲ ረዳቱ፣ የግንባታ ሠራተኛውና ተማሪው ሙዚቃ የሚያገኙት ከዚሁ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ደንበኛው ፍላሹን ሲያቀብል የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ጊጋ ነው?» የሚል ነው። በካሴት ዘመን ግን ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ወጣ?» ብሎ ነበር። ከ«የማን» ወደ «ስንት» የተደረገውን ጉዞ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ተንቀሳቃሽ ሙዚቃ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ደፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁሙ ዘፈን ከቲያትር አዳራሽና ከክበብ ወጥቶ ሰው ቤት ገባ። ይሁን እንጂ ሸክላ ማጫወቻውን ይፈልጋል፤ ማጫወቻውም ጠረጴዛና መብራት ይፈልጋል። ከዚህ ያላቀቀን ካሴት ነው። የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ ዕቃ እኛ ዘንድ ሸክላውን የተካው በደርግ ዘመን ነው። በዚያ የሰዓት እላፊ ዘመን ሰው ሙዚቃውን ይዞ ቤቱ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1979 የሶኒ ዎክማን ሲወጣም ዘፈን ከክፍል ወደ ጆሮ ተዛወረ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ የያዘ እረኛም ሆነ ዎክማን ያንጠለጠለ የከተማ ጎረምሳ፣ ሁለቱም ሙዚቃቸውን ተሸክመው ይዞሩ ነበር።

ልዩነቱ ካሴቱ ብቻውን የማይጓዝ መሆኑ ነው። በፕላስቲኩ ማኅደር ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ነበረችው። ከላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ፣ ቀጥሎ የዘፈኖቹ ርዕስ በሁለት ረድፍ፣ ከዚያ በደቃቅ ፊደል የግጥም ደራሲው፣ የዜማው ባለቤት፣ አቀናባሪው፣ ያጀበው ባንድ፣ የቀዳው ስቱዲዮና ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስም ይዘረዘር ነበር። ሁሉም ካሴት ይህን አሟልቶ ነበር ማለት አይደለም። ስም የዘለለም፣ ያሳሳተም ነበር። ቢሆንም ያቺ ወረቀት የብዙ ሰው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበረች። ይልማ ገብረአብና ዓለምፀሐይ ወዳጆ ግጥም ጻፊዎች፣ አበበ መለሰ ዜማ አውጪ መሆናቸውን መድረክ ላይ ቆመው ሲዘፍኑ አይቶ ያወቀ የለም። ስማቸውን የብዙዎች ዘንድ ካደረሱት አንዷ ያቺ ወረቀት ናት።

እዚህ ላይ የሂስን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይላል። በኛ ሙዚቃ ድምፃዊው፣ ገጣሚውና ዜመኛው አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አድማጩም ቃል አዳማጭ ነው፤ ሰሙን ሲሰማ ወርቁን ይፈልጋል። ታዲያ የአንድን ገጣሚ እድገት መከተል የሚቻለው ዛሬ ለዚህኛው፣ ነገ ለዚያኛዋ የሰጠውን ግጥም ለይቶ ማወቅ ሲቻል ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበምና የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» በተከታታይ የሚሰማ ሰው ሁለት የተለያዩ ድምፆች፣ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ያገኛል። ሁለቱንም ያቀናበረው ኤልያስ መልካ መሆኑን ሲያውቅ ግን ጆሮው ሌላ ነገር መፈለግ ይጀምራል፤ ለድምፃዊው የተተወውን ቦታ፣ የመሣሪያዎቹን አገባብ ያመዛዝናል። ስሙ ባይታወቅ ይህ ማመዛዘን ከየት ይመጣል? ያለ ስም ሂስ የለም። የሚቀረው «ደስ ይላል» እና «አይመችም» ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድን ሲያወጣ ለዓለም የነገረው አንድ ሺህ ዘፈን በኪስ ይያዛል ብሎ ነው። ስለ ዘፈኖቹ የተናገረው የለም፤ ስለ ብዛታቸው እንጂ። የዛሬው ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ያንን እጥፍ ድርብ አድርጎታል። በተለመደው ጥራት አንድ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ሜጋ ያህል ቢፈጅ ሚሞሪው ከስድስት ሺህ የማያንስ ዘፈን ይይዛል። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ለመስማት ሌትም ቀንም ሳያቋርጡ ሃያ ቀን ማለፍ ያስፈልጋል። የካሴት ባለቤት ዐሥር ዘፈን ነበረው፤ ቴፑ እስኪሳሳ ስለሚሰማው በቃሉ ይይዘዋል። የሚሞሪ ባለቤት ስድስት ሺህ ዘፈን አለው፤ አብዛኛውንም ከነመኖሩ አያውቅም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው አይደለም?

መሣሪያውን ለመኮነን የሚቸኩል ሰው ግን አንድ ነገር ይስማ። ኤምፒ3 የተባለው ፋይል በሆዱ የስም መዝገብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈለሰፈው የመጀመሪያው መዝገብ እጅግ ጠባብ ነበር፤ ለርዕስ፣ ለአርቲስትና ለአልበም ለእያንዳንዳቸው 30 የላቲን ፊደል የሚያህል ቦታ ሲሰጥ ለገጣሚና ለዜመኛ የተወው ቦታ አልነበረም። የግዕዝ ፊደልም ያኔ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ በዩኒኮድ ገና አልገባም፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብንል ያስኬዳል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሁለተኛው መዝገብ ለዜማ ደራሲ ለብቻው፣ ለግጥም ደራሲ ለብቻው፣ ለሙሉ ግጥሙም ሳይቀር ለብቻው ቦታ ከፍሏል። እንግዲህ ቦታው ከተሰጠን ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል። ባዶ የተወነው እኛ ነን። የካሴቷ ወረቀት ከቻለችው በላይ የሚችል ዕቃ ይዘን ከካሴቷ ወረቀት ያነሰ ሥራ እንሠራበታለን።

«ካሴቱስ አይሰረቅም ነበር?» የሚል ይኖራል። ይሰረቅ ነበር። ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ ማስቀዳት የተለመደ ነበር፤ በየጎዳናው የሚሸጠው ቅጂም አሳታሚውን ያስለቅስ ነበር። ሆኖም ቅጂ ሻጩ እንኳ ገዢ ለማግኘት ሲል ሽፋኑን አብሮ ያባዛ ነበር፤ ዕቃውን ሰርቆ ስሙን ይተው ነበር። «ዛሬስ በዩቲዩብ የገጣሚው ስም ከቪዲዮው ሥር ይጻፍ የለም ወይ?» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ደኅና አሳታሚዎች ይጽፋሉ። ነገር ግን ያ ጽሑፍ የገጹ እንጂ የፋይሉ አይደለም። ዘፈኑ ወርዶ ወደ ሚሞሪ ሲገለበጥ ስሙ እዚያው ይቀራል፤ ድምፁ ብቻውን ይጓዛል።

ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ የገንዘብ መብት ብቻ ሳይሆን የሞራል መብትም ሰጥቶታል። ሥራው የእርሱ መሆኑን የማሳወቅ መብት ከነዚህ አንዱ ነው። ክርክራችን ግን ሁልጊዜ በገንዘቡ ላይ ነው። ገንዘቡ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የጀመሩት ባለሙያው ከዘፈኑ እንዲጠቀም ብለው ነው። ኤልያስ ግን በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዐረፈ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፣ ስሙ ያልተጠራ ባለቤት ገንዘቡን ቢነጠቅ የሚደንቀው አይኖርም። ማን ይከፈለው? ያልታወቀው አርቲስት?

በዚሁ ስልክ ላይ ተቃራኒውን የሚያስተምረን ነገር አለ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ትረካ ከቴፕ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሚሞሪ እየተላለፈ ዛሬም ይደመጣል። ፈረንጆቹ ፖድካስት የሚል ቃል ሳይፈጥሩ እኛ ነበረን ማለት ነው። የፋይሉ መጠሪያ ምንም ይሁን ምን፣ የደራሲውም የተራኪውም ስም አልጠፋም። በሬዲዮ ወግ ስም በድምፅ ይነገራል፤ ተራኪው «ደራሲው እገሌ» ሲል ስሙ የሥራው አካል ይሆናል፤ የሚገለብጠው ሰው ሊቆርጠው አይችልም። የዛሬዎቹ የአማርኛ ፖድካስት አዘጋጆች ከሬዲዮ ሊወርሱት የሚገባው አንዱ ቁም ነገር ይህ ነው። በመካከል ዘፈን ሲያስገቡ የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የገጣሚውንና የዜመኛውንም ስም ቢጠሩ ምንም አይጎድልባቸውም።

ስም ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይበቃል። የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አሳተመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን በመኪናው ጭኖ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። በካሴቱ ላይ የተጻፈውን ስም በኢንተርኔት ፈለገ፤ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር አገኘ፤ ደወለለት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም በስተርጅናው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ከባሕር ዳር ዋሽንግተን ያደረሰው መንገድ በካሴት ላይ የተጻፈ ስም ነው። ያ ሙዚቃ «ትራክ 07» ተብሎ በሚሞሪ ቢገኝ ኖሮ ማን ለማን ይደውል ነበር?

የሚያስፈልገው መድኃኒት ውድ አይደለም። አሳታሚው ፋይሉን ከመልቀቁ በፊት የገጣሚውን፣ የዜመኛውንና የአቀናባሪውን ስም በግዕዝ ፊደል በሆዱ ይጻፍበት። ዘፈን ጫኙ ወጣት ፎልደሩን «አዲስ 3» ከማለት በዘፋኙ ስም ይሰይመው። ደንበኛውም «ስንት ጊጋ» ከመባሉ በፊት «የማን አለህ?» ይበል። ግጥም ጽፈው፣ ዜማ አውጥተው ያዘፈኑን ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው። የማን ግጥም፣ የማን ዜማ እንደሆነ የሚያስታውሱት አድማጮችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። እነርሱ ሳሉ ያልተጻፈውን ስም ወደፊት የሚነግረን አናገኝም።