ስለ ከንቱ ነገር ብዙ ሁካታ፤ የሼክስፒር ቴአትርና የሰሚ ጆሮ

ሐሜትን የሚፈጥር ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ተቀብለው የሚያጸኑት ግን ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተግሣጹ ሁሉ በሐሜተኛው ላይ ሲወርድ ሰሚው እንደ ንጹሕ ሰው ቆሞ ይመለከታል። የእንግሊዝ ባለቅኔ ዊልያም ሼክስፒር «ስለ ከንቱ ነገር ብዙ ሁካታ» ብሎ የሰየመው ቴአትር ላይ ላዩን ሲያዩት የሳቅና የሠርግ ጨዋታ ነው፤ ውስጡን ሲመረምሩት ግን የሰሚ ጆሮ ለፍርድ የቀረበበት ችሎት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ለአንባብያን ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ቴአትሩ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1598 ወይም በ1599 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የታተመውም በ1600 ዓ.ም. ነው። በሐሰት ስለ ተነቀፈች ሙሽራ የሚናገረው ታሪክ ከሼክስፒር በፊት በኢጣልያ የታወቀ ነበር፤ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ በ1516 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ፥ ማቴዎ ባንዴሎም በ1554 ዓ.ም. ባወጣው የታሪክ ስብስብ፥ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ጽፈውታል። ሼክስፒር ከራሱ የጨመረው ቢያትሪስና ቤኔዲክ የሚባሉትን ሁለት አንደበተ ስሉ ሰዎች ነው። እነርሱም ዋናውን ታሪክ እስኪሸፍኑት ድረስ ተወደዱ፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በገዛ መጽሐፉ ላይ ከቴአትሩ ስም አጠገብ የሁለቱን ስም በእጁ ጽፎ ነበር።

የቴአትሩ ስም አወጣጥ ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። በእንግሊዝኛ «ናቲንግ» ማለት ከንቱ፥ ምንም ማለት ነው፤ «ኖቲንግ» ማለት ደግሞ ልብ ብሎ ማየት፥ ማስተዋል ማለት ነው። በሼክስፒር ዘመን የሁለቱ ቃላት ድምፅ እጅግ የተቀራረበ ስለ ነበረ ስሙ ኅብር ሆኖአል። ሰሙ ስለ ከንቱ ነገር የተነሣ ሁካታ ሲሆን፥ ወርቁ ስለ ማየትና ስለ መስማት የተነሣ ሁካታ ነው። በእውነትም በዚህ ቴአትር ውስጥ ተደብቆ የማይሰማ፥ ወይም ሰማሁ ብሎ የማያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚሆነው በሲሲልያ ደሴት በመሲና ከተማ ነው። የአራጎን መስፍን ዶን ፔድሮ ከጦርነት ድል አድርጎ ሲመለስ በከተማው ገዥ በሊዮናቶ ቤት ያርፋል። ከባለሟሎቹ አንዱ ክላውዲዮ የሚባለው ጎበዝ የገዥውን ልጅ ሂሮን ይወዳታል። ነገር ግን ስለ እርስዋ ለመስፍኑ መናገር ሲጀምር አስቀድሞ የጠየቀው ሊዮናቶ ወንድ ልጅ እንዳለው ነው። ወራሽዋ እርስዋ ብቻ መሆንዋንም ተረዳ። መስፍኑም በጭምብል ጭፈራ ሌሊት ስለ እርሱ ሆኖ ያጫትለታል። የመስፍኑ ዲቃላ ወንድም ዶን ጆን፥ መስፍኑ ልጅቱን ለራሱ እንዳጫት አድርጎ ቢያወራ፥ ክላውዲዮ ሳይጠይቅ ወዲያው አመነ፤ ሐሰትነቱም ሳይዘገይ ተገለጠ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ሰው በወሬ አንድ ጊዜ ተታሎ ሳለ፥ ያው ዶን ጆን ሌላ ወሬ ቢያመጣለት ሁለተኛ አመነው።

ከዚህም በኋላ ደራሲው ሁለት ተንኰል ጎን ለጎን ያስኬዳል። አንደኛው የደግ ተንኰል ነው። የሂሮ የአጎት ልጅ ቢያትሪስና የመስፍኑ ባለሟል ቤኔዲክ ጋብቻን የሚንቁ፥ በተገናኙ ቍጥር በቃል የሚወጋጉ ነበሩ። ወዳጆቻቸው ሊያስታርቁአቸው መክረው፥ ቤኔዲክ በአትክልት ቦታ ተደብቆ ሲሰማ ቢያትሪስ በፍቅሩ እንደ ተቃጠለች ተጨዋወቱ፤ ሂሮና ኡርሱላም ለቢያትሪስ እንዲሁ አደረጉላት። ሁለተኛው የክፉ ተንኰል ነው። የዶን ጆን ሰው ቦራኪዮ በሠርጉ ዋዜማ ሌሊት፥ የሂሮን ልብስ የለበሰችውን ደንገጡር ማርጋሬትን በመስኮት ሲያነጋግራት፥ ክላውዲዮና መስፍኑ ከሩቅ ቆመው እንዲያዩ ተደረገ።

የሁለቱም ተንኰል መሣሪያ አንድ ነው፤ በስርቆት የተሰማና የታየ ነገር ነው። ታዲያ አንዱ ሠርግ ሲሠራ ሌላው ሠርግ ያፈረሰው ስለ ምንድር ነው? መልሱ የቴአትሩ ወርቅ ነው። ቤኔዲክና ቢያትሪስ ተደብቀው የሰሙት ፍቅርን ብቻ አልነበረም፤ የገዛ ራሳቸውን ነቀፌታ ጭምር ነው። እርሱ ፌዘኛ፥ እርስዋ ትዕቢተኛ እንደ ሆኑ ሲነገር ሰሙ፤ በተናጋሪዎቹም ላይ ሳይቈጡ ራሳቸውን ለማረም ቈረጡ። ክላውዲዮ ግን የሰማው የሌላ ሰው ነቀፌታ ነው፤ ባየውም ጊዜ ራሱን አልመረመረም፤ ሙሽራይቱንም ጠርቶ አልጠየቃት። በነጋው በሕዝብ ፊት ሊያዋርዳት ግን ገና ሳያይ ዝቶ ነበር። ስለ ራሱ ጥፋት የሚሰማ ሰው ይድናል፤ ስለ ሌላው ጥፋት ለመስማት የሚቸኵል ግን ይጠፋል፥ ያጠፋልም።

የሠርጉ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የሆነው ነገር ሳቁን ሁሉ ያቋርጠዋል። ክላውዲዮ ሙሽራይቱን ለአባትዋ መልሶ እንደ ረከሰች አድርጎ ሰደባት፤ መስፍኑም መሰከረበት። እርስዋ ወደቀች፤ አባትዋም ከልጁ ይልቅ የመኳንንቱን ቃል አምኖ ብትሞት መረጠ። በዚህ ስፍራ የሶስና ታሪክ ትዝ ይለናል። በሶስና ላይ የመሰከሩት ረበናት እያወቁ የዋሹ ነበሩ፤ ስለዚህ ዳንኤል ለየብቻ ቢጠይቃቸው ቃላቸው ተለያየ። በሂሮ ላይ የመሰከሩት ግን አልዋሹም፤ ያዩትን ተናገሩ። ለየብቻ ቢጠየቁም ቃላቸው አንድ ይሆን ነበር። የምስክር ቍጥር ሞልቶ ሳለ እውነት ጐደለ። እንግዲህ ለዳኛ የዚህ ቴአትር ትምህርት ከባድ ነው፤ ምስክሩ ሐሰተኛ ነውን? ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ያየው ነገር ራሱ እውነት ነውን? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ያስተዋሉት በዚያ ሁሉ ጉባኤ መካከል ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሊያጋባ የመጣው መነኵሴ ፍራንሲስ ነው። ሌሎቹ ሲጮኹ እርሱ ዝም ብሎ የልጅቱን ፊት ሲመለከት ቈየ፤ ንጽሕናዋንም ከፊትዋ አነበበ። ደራሲውም ያንኑ ከስሙ ጋራ ኅብር የሆነውን ቃል በዚህ መነኵሴ አፍ ያኖረዋል፤ የማየትን ሥራ በሚገባ የሠራ እርሱ ነውና። እውነቱ እስኪገለጥ ድረስ ሂሮ ሞታለች ተብሎ እንዲወራ የመከረውን ምክር የሚነቅፍ ቢኖር አንከራከረውም፤ ማስተዋሉን ግን ሊነቅፍ የሚችል የለም።

ሁለተኛይቱ ቢያትሪስ ናት። እርስዋ ዓመት ሙሉ ከሂሮ ጋራ በአንድ አልጋ ስትተኛ ኖራ ያን ሌሊት ብቻ አብራ አልነበረችም። ስለዚህ ስትጠየቅ በማስረጃ ልትረዳት አልቻለችም፤ መልስዋም ነገሩን አባሰው። ነገር ግን ያጣችው የአንድ ሌሊት ምስክርነት የዓመቱን ዕውቀት አላፈረሰባትም። ቤኔዲክ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ፍቅሩን ሲገልጥላት ክላውዲዮን እንዲገድልላት ጠየቀችው፤ ልመናዋ አስፈሪ ነው፥ የንዴት ቃልም ነው። ግን ጨዋታ ብቻ ትመስል የነበረችው ሴት በተፈተነች ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ጽኑ ሆና ተገኘች። ቤኔዲክም የወዳጆቹን ወገን ትቶ በእርስዋ ዕውቀት አመነ።

የነገሩ ምፀት እውነት አስቀድማ ተይዛ መኖርዋ ነው። የሌሊት ዘበኞች ቦራኪዮ ተንኰሉን ሲያወራ ሰምተው በዚያው ሌሊት ያዙት። አለቃቸው ዶግቤሪ ከሠርጉ በፊት ወደ ሊዮናቶ ሄደ፤ ነገር ግን ቃላትን እያዘበራረቀ ነገሩን ስላረዘመ፥ ሊዮናቶ ቸኵሎ እስረኞቹን ራስህ መርምር ብሎ አሰናበተው። ሐሰት በመኳንንት አንደበት ባማረ ቃል ሲመጣ ተሰማ፤ እውነት በተራ ሰው ኰልታፋ አንደበት ሲመጣ ግን ጊዜ የለንም ተባለ። ሰው በዶግቤሪ ይስቃል፤ በሊዮናቶ ግን ሊያለቅስ ይገባው ነበር።

የቴአትሩን ነውር ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። የክላውዲዮ ንስሐ ቀላል ነው። ሂሮ ሞተች ከተባለ በኋላ ከመስፍኑ ጋራ ሲቀልድ እናየዋለን፤ እውነቱ ሲገለጥም ጥፋቱን መሳሳት ብቻ ይለዋል። ካሣውም በመቃብር አንድ ሌሊት ማልቀስና የሊዮናቶን የወንድም ልጅ ናት የተባለችውን ሳያይ ማግባት ነው። እርግጥ፥ በዐይኑ የበደለ ሰው ፊትዋ የተሸፈነ ሙሽራ በእምነት እንዲቀበል መደረጉ የተገባ ቅጣት ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት እንኳ፥ ሙሽራይቱ ኢትዮጵያዊት ብትሆን አሳቡን እንደማይለውጥ ይናገራል። ቃሉ ጆሮአችንን ይቆረቍረዋል፤ የሰውየውንም ልብ ይገልጠዋል። በንስሐው ቀን ሰውን በፊት መልክ መመዘኑን ገና አልተወምና። መሸፈኛው ሲነሣ ሂሮ ራስዋ ሆና ተገኘች፤ እርስዋም ይቅር አለች። ይቅርታዋን እናደንቃለን፤ ባሏን ግን ከቤኔዲክ ጋራ አናስተካክለውም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይህ ለተናጋሪ የተነገረ ምክር ነው። ሼክስፒር ግን የሰሚውን ድርሻ ጨመረበት። ቴአትሩ ሲፈጸም ዶን ጆን ተያዘ የሚል ወሬ ይመጣል፤ ቤኔዲክም ቅጣቱን ለነገ አቆይቶ ጭፈራ እንዲጀመር ያዝዛል። ሐሜተኛው እንግዲህ ነገ ይቀጣል። ሐሜቱን ያመኑት ግን ዛሬ በዚያው ጭፈራ መካከል ናቸው፤ የእነርሱን ፍርድ ደራሲው ለተመልካቹ ትቶአል።