ሙሉ ደቂቃ

አንዲት ተለማማጅ ነርስ እግሩ ተሰብሮ የተኛውን ጎረምሳ ለክታ መጣችና፣ "ሲስተር፣ ልቡ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይጎተታል፤ ሐኪም ልጥራ?" አለችኝ። አንድ እጇን አንጓው ላይ፣ ሌላውን ደረቱ ላይ እንድታሳርፍ ነገርኳት። አየር ሲስብ ምቱ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል። ጤነኛ ልብ ነው። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ልብን የሚገታው ቬገስ ነርቭ ልጓሙን ላላ ያደርጋል፤ ስናስወጣ መልሶ ይይዛል። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1847 በመሣሪያ የመዘገበው ነገር በሦስት ጣትም ይገኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው። አንዲት ምት ብትስቺ አራት ትሆናለች፤ እሱስ ይሁን። ቁጥሩ ቢገኝ እንኳ የምቱ አካሄድ ያመልጣል። ጣት ላይ የምትሰካዋ ኦክሲሜትርም የሴኮንዶችን አማካይ ስለምታሳይ መዛባቱን ትሸፍነዋለች።

መዛባት ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በልጅነት የቶንሲል ሕመም መዘዝ ሚትራል ቫልቩ የጠበበበት ሰው በየዋርዱ አይጠፋም። የእሱ ልብ መዛባት ሲጀምር ትንፋሽን አይከተልም፤ መላ ቅጡ ይጠፋል። በማዳመጫ ደረቱ ላይ 120 ስትሰሚ አንጓው ላይ 90 ብቻ ልታገኚ ትችያለሽ፤ ደካሞቹ ምቶች እጅ ድረስ አይዘልቁም። ይህን በ15 ሴኮንድ የምትለይ ነርስ ካለች ትምጣና ታስተምረኝ።

"ለዚህ ሁሉ አልጋ ደቂቃ ከየት ይመጣል?" ይሉኛል ባልደረቦቼ። እውነት አላቸው፤ አልሰማቸውም እንጂ። እንዲያውም ምቱን ቆጥሬ ስጨርስ እጄን አላነሳም፤ አሁንም ምት የምቆጥር መስዬ ትንፋሽ እቆጥራለሁ። ትንፋሹ እንደሚቆጠር ያወቀ ሰው ሳያስበው አተነፋፈሱን ይለውጣላ!

ሌሊት፣ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ያለባት ሴት ፈርታ ስትጠራኝ፣ "ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ከዚያ ረዘም አድርገሽ አውጪው" እላታለሁ። በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ስትወርድ የምቱ መፍጠንና መዘግየት ከጣቴ ሥር ጎልቶ ይሰማል፤ የደም ግፊትም በየ10 ሴኮንዱ ገደማ ከፍ ዝቅ የሚልበት የራሱ ዑደት ስላለው ሁለቱ ይገጥማሉ። ማስታገሻ ይታዘዝላት ከማለቴ በፊት ይህን እሞክራለሁ።

አባቴ ቤት ስሄድም ሰላም ብዬው እጁን አልለቅም። ዕድሜ የምቱን መፍጠንና መዘግየት ያደበዝዘዋል፤ የእሱ ምት ዛሬ ወጥ ሆኗል ማለት ይቻላል። እኔ ግን አሁንም እፈልገዋለሁ። "ልጄ፣ ቡናው በረደ እኮ!" ይለኛል። ይብረድ።