የሚያመው ጀግና
የሆንግ ኮንግን አስቂኝ የኩንግ ፉ ፊልሞች እንደ ተራ መዝናኛ ቆጥሮ ማለፍ የተለመደ ነው። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክዋን ታክ ሂንግ በተከታታይ ፊልሞች የተጫወተው ዎንግ ፌይ ሁንግ ጨዋና ግርማ ሞገስ የተላበሰ መምህር ነበር። በ1978 «ሰካራሙ መምህር» በተሰኘው ፊልም ግን ጃኪ ቻን ይህንኑ ጀግና ከልምምድ የሚሸሽ ተንኮለኛ ጎረምሳ አደረገው። በ1983 ራሱ ባዘጋጀው «ፕሮጀክት ኤ» ደግሞ ከሰዓት ማማ ላይ ሲወድቅ እየሳቅን እንሳቀቃለን፤ አካሉ እንደ አካላችን ይጎዳልና። የታሪኮቹ አወቃቀር ልል መሆኑ አይካድም። ይሁንና እንከን የለሽ ጀግና ስግደትን ይሻል፤ ፈርቶና ወድቆ የሚነሣው ግን ማንንም እንዳናመልክ ያስተምረናል። የእነዚህ ፊልሞች ቁም ነገርም ይኸው ነው።