ላዛኛውና ማሽላው

ቆቦ፣ የምርቃት ግብዣ ላይ ላዛኛው ቀርቧል፤ የማሽላ እንጀራ ግን የለም። ብጠይቅ የቤቱ እመቤት «ውይ! ለእንግዳ ማሽላ ይቀርባል እንዴ?» አሉኝ።

ከላዛኛ ጋር ጠብ የለኝም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ድል ነስቶን ወደ ደሴ ቢዘልቅም ፓስታው ቆይቶ የእኛው ሆኗል። በርበሬ የገባበትን ስልስ፣ በእንጀራ የሚጠቀለለውን መኮሮኒ ሮማዊው ቢያየው አያውቀውም። ያልገባኝ የማሽላ አገር በማሽላው ማፈሩ ነው። የሰሜን ጣሊያን ድሃ ገበሬ ለዘመናት የኖረው በፖሌንታ ነው። ፖሌንታ ደግሞ ሌላ ሳይሆን የበቆሎ ገንፎ ነው! ዛሬ በትልልቅ ምግብ ቤቶች ሳይቀር ለእንግዳ ይቀርባል። እኛ የራሳችንን ጓዳ ደብቀን የእነሱን እንጋግራለን።

ላዛኛው ይምጣ። ማሽላውም ከጎኑ ይቅረብ፤ በትኩሱ ታዲያ፣ ካደረ ይደርቃል።